ነፋሳችንን ማን ለካው?

አያቴ የጥኖራ ላይ እህል ሲያነፍሱ ላይዳቸውን ከማንሳታቸው በፊት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። ከአውድማው ዳር እፍኝ እብቅ ይዘግኑና ከራሳቸው በላይ ይበትኑታል። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ። እብቁ ወዴት ሄደ? ምን ያህል ርቆ ወደቀ? ቀጥ ብሎ ከወረደ ላይዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። አዙሮ ፊታቸው ላይ ከመለሰው «ገና ነው፣ አልለየለትም» ይላሉ። ወደ ምዕራብ ሳብ አድርጎ ከወሰደው ግን ቀኑ ደርሷል ማለት ነው፤ «ተነሥ አንተ ልጅ፣ መንሹን አምጣ» ይሉኛል።

ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎቻችን የጥኖራን የሚያውቋት በሌላ ነገር ነው። በደርግ ዘመን ስሟ የገነነ የገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረባት። ስለ እርሱ ሌላ ቀን እንጨዋወታለን፤ የዛሬው ወሬ ስለ ነፋስ ነው።

ሰሞኑን ነፋስን በሌዘር ስለሚለኩ መሣሪያዎች ሳነብ ከፊቴ ድቅን ያሉት እኚሁ አያቴ ናቸው። መሣሪያው «ሊዳር» ይባላል። መሬት ላይ ተቀምጦ ዓይን የማያየው የሌዘር ጨረር ወደ ሰማይ ይለቃል። አየር ላይ የሚንሳፈፈው አቧራ፣ ጭስና የአበባ ብናኝ ከጨረሩ እጅግ ጥቂቱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ብናኙ ከነፋሱ ጋር ስለሚጓዝ፣ የተመለሰው ብርሃን የነፋሱን ፍጥነት ይዞ ይመጣል። አያቴ እብቃቸውን ራሳቸው ይበትኑ ነበር፤ ሌዘሩ ሌላ የበተነውን ይጠቀማል። ልዩነታቸው ይህና ዋጋቸው ነው።

ይህን የምጽፈው ግን የፈረንጅ መሣሪያ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ነፋስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከብዙው ዓለም ይልቅ በቀጥታ መለካት ያለበት ነገር ነው። አውሮፓውያን ነፋሳቸውን ሳይለኩም ቢሆን ከሌላ ነገር አስልተው ሊያገኙት ይችላሉ፤ እኛ አንችልም። ምክንያቱን ለማየት ከየጥኖራ ተነሥተን ወደ ሆላንድ፣ ወደ አንድ የባቡር ሐዲድ መሄድ አለብን። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1842 ፕራግ ከተማ ያስተምር የነበረ ክርስቲያን ዶፕለር የተባለ ኦስትሪያዊ ሊቅ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ወደ እኛ የሚቀርብ ነገር የሚልከው ማዕበል ይጠባበቃል፣ የሚርቅ ነገር የሚልከው ደግሞ ይሳሳል አለ። ዶፕለር ይህን ያለው ስለ ከዋክብት ቀለም ነው፤ ስለ ከዋክብቱ ቀለም የደረሰበት መደምደሚያ ስሕተት ነበር፣ መሠረተ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ወደ ደጀን የሚወጣ አይሱዙ ጡሩምባውን እንደያዘ አጠገባችሁ ሲያልፍ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም እንደሚወርድ ሰምታችሁ ይሆናል። ይኸው ነው።

ሐሳቡን ለመፈተን የተነሣው ሆላንዳዊው ክሪስቶፍ ባይስ ባሎት ነው። በ1845 የካቲት ላይ ሞክሮ የአየሩ ጠባይ አሰናከለው፤ በሰኔ እንደገና ሞከረ። ጡሩምባ ነፊዎችን ከዩትሬክት አቅራቢያ በሚሄድ ባቡር ላይ አሳፍሮ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲነፉ አደረገ። ከሐዲዱ ዳር ደግሞ ጆሯቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን አቆመ። ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ ማለቱን ሙዚቀኞቹ መሰከሩ። የዛሬው ሊዳር የተመሠረተው በዚያ ሐዲድ ላይ በተመሰከረው ነገር ላይ ነው፤ ጡሩምባው ብርሃን ሆነ፣ ባቡሩ ብናኝ ሆነ።

የሚገርመኝ ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ይኸው ባይስ ባሎት ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ በሌላ ነገር ስሙ ተጠራ። ነፋሱ በጀርባህ እንዲመታህ አድርገህ ብትቆም፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን እስካለህ ድረስ፣ ዝቅተኛው የአየር ግፊት በግራህ ነው የሚል ሕግ አወጣ። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሕግ ለአውሮፓ የአየር ትንበያ በር ከፈተ። በየከተማው የአየር ግፊትን የሚለካ ባሮሜትር ካለህ የግፊቱን ካርታ ትሠራለህ፤ ካርታው ካለህ ነፋሱን ሳትለካው ታውቀዋለህ። ኋላም ሳተላይቶች ከላይ ሆነው የአየሩን ሙቀት ሲለኩ ሳይንቲስቶች ከሙቀቱ ግፊቱን፣ ከግፊቱ ነፋሱን ያሰሉ ነበር።

የሕጉ ጉልበት የሚመጣው ከምድር መሽከርከር ነው። መሽከርከሩ የሚሄደውን አየር ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ግፊያው በዋልታዎቹ ይበረታል፣ ወደ ምድር ወገብ በተጠጋን ቁጥር ይላላል፣ ወገቡ ላይ ባዶ ይሆናል። ቢቸና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አሥር ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ናት፣ ሞጣ ከእርሷ ጥቂት ከፍ ትላለች። በዚያ ኬክሮስ ይህ ግፊያ ዩትሬክት ላይ ካለው ሩብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዩትሬክት ላይ ከግፊት ካርታ የሚነበበው ነፋስ ቢቸና ላይ በዚያ መንገድ አይነበብም። የእኛን ነፋስ ለማወቅ ያለው አስተማማኝ መንገድ፣ ራሱ በሚነፍስበት ቦታ ሄዶ መለካት ነው። ባይስ ባሎት በአንድ እጁ ለአውሮፓ የሰጠው ሕግ ለእኛ አልሠራም፤ በሌላ እጁ የፈተነው የዶፕለር ሐሳብ ግን መፍትሔው ሆኖ መጣ። እርሱ ሁለቱ እንደሚገናኙ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

እኛስ ምን ስንለካ ኖርን? ዝናብን። ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ተቀምጦ የዘነበውን ውሃ መጠን መዝግቧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዳሚ ቱሉና ጋምቤላ ላይ ምልከታ ተጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፕላን ሲበዛ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በሲቪል አቪዬሽን ሥር ተደራጀ፤ በ1980 መጨረሻ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የምንለው ማለት ነው። ዝናብ ለመለካት አንድ ቆርቆሮና አንድ ትጉህ ሰው ይበቃል። የላይኛውን ነፋስ ለመለካት ግን ፊኛ መልቀቅ ያስፈልጋል።

ፊኛውም የአያቴ እብቅ ነው፣ ከፍ ብሎ የሚሄድ እብቅ። በጥንቱ ዘዴ አንድ ሰው ፊኛውን ይለቃል፣ ቴዎዶላይት በተባለ መነጽር ይከተለዋል፣ በየደቂቃው አንግሉን ይጽፋል፣ ከዚያ ፍጥነቱን ያሰላል። ችግሩ ግን ደመና ነው። ፊኛው ደመና ውስጥ ከገባ ጠፋ። እኛ ደግሞ የላይኛውን ነፋስ አጥብቀን የምንፈልገው በክረምት ነው፣ ሰማዩ በተዘጋ ጊዜ። ራዲዮ የተሸከመው ፊኛ ይህን ችግር ቢያቃልልም እያንዳንዱ አንዴ ወጥቶ የሚቀር ዕቃ ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ አፍሪካ ላይ ፊኛ የሚለቁ ጣቢያዎች ዛሬም እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው።

በክረምት የላይኛው ነፋስ ለምን ያስፈልገናል? ከቢቸና ገበሬ ራስ በላይ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በሰኔና በነሐሴ መካከል፣ ከሕንድ ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚጋልብ የነፋስ ወንዝ አለ። በ1958 ይህን ነፋስ በጽሑፍ ያስተዋወቀው ኮቴስዋራም የተባለ ሕንዳዊ ነው። ከታች ደግሞ በኬንያና በሶማሌ ጠረፍ ሽቅብ የሚሮጥ ሌላ ነፋስ አለ፤ ፊንድሌተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1960ዎቹ የኬንያን የፊኛ መረጃ ሰብስቦ የገለጠው ነው። የላይኛው ነፋስ ሲበረታ ክረምታችን አብዛኛውን ጊዜ መልካም ይሆናል፤ በኤልኒኖ ዓመት ሲደክም ክረምቱም አብሮት ይደክማል። የ2015ቱን ኤልኒኖ አንረሳም፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ የሆነበት ነው። እነማይ ላይ ጤፍ የሚዘራ ሰው የዘሩን ቀን ሲመርጥ፣ ሳያውቀው በዚያ በማያየው ነፋስ ላይ ውርርድ እየያዘ ነው።

ወደ ሌዘሩ እንመለስ። ሌዘር ራሱ የተወለደው በ1960 ግንቦት፣ ካሊፎርኒያ፣ በቴዎዶር ማይማን እጅ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የማሳቹሴትስ ሰዎች ጨረሩን ወደ ጨረቃ ልከው ነጸብራቁን ተቀበሉ። በ1964 ሁለት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ዬህና ከሚንስ፣ የሚፈስ ፈሳሽን ፍጥነት በሌዘርና በዶፕለር ለኩ። ከዚያ የናሳ ሰዎች ነገሩን ወደ አየር አወጡት። በ2002 የሆንግ ኮንግ ኤርፖርት ከተራራ ተገጭቶ የሚመጣ ድንገተኛ ነፋስ አውሮፕላን እንዳይጥልበት ሊዳር ተከለ። በዚያው ሰሞን የነፋስ ኃይል ሰዎችም መሣሪያውን አሳንሰው በፒክአፕ የሚጫን ሣጥን አደረጉት።

የሥራውን ረቂቅነት በቁጥር ላሳያችሁ። በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ያለው የሌዘር ብርሃን በሰከንድ 193 ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ብናኙ በጨረሩ አቅጣጫ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄድ የሚመጣው ለውጥ 1.3 ሚሊዮን ብቻ ነው፣ ከ150 ሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው። ይህን ለውጥ በቀጥታ ማንበብ አይሞከርም። ስለዚህ የተመለሰውን ብርሃን ካልተላከው ብርሃን ጋር ይቀላቅሉታል። ክራር የሚቃኝ ሰው ሁለት ጅማቶች ለጥቂት ሳይገጥሙ ሲቀሩ አንድ የሚውለበለብ ድምፅ ይሰማል፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ውልብልቡ ይፈጥናል። መሣሪያው የሚቆጥረው ያንን ውልብልብ ነው። ከዚያ ጨረሩን ወደ ተለያየ አቅጣጫ እያዘነበለ ይደግማል፤ ከተለያዩት መልሶች ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይገጣጥማል። ከ40 እስከ 200 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለውን፣ ምሰሶ ሳይተክል።

ትልቁ ሙከራ ግን የተደረገው ከጠፈር ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ በ1999 ነፋስን በሌዘር የሚለካ ሳተላይት ለመሥራት ወሰነ። በግሪክ የነፋሳት ጠባቂ ስም «ኤዮለስ» አሉት። በ2007 ይመጥቃል ተብሎ ነበር፤ የመጠቀው ነሐሴ 22 ቀን 2018 ነው። የዘገየው የሚሠራበት የአልትራቫዮሌት ሌዘር ባዶ ጠፈር ውስጥ የራሱን መስታወቶች እያበላሸ ስላስቸገረ ነው። መስታወቱ ላይ የሚቀረው እድፍ እንዲቃጠልና እንዲጠራ መሣሪያው ውስጥ ጥቂት ኦክስጅን መልቀቅ የሚል ዘዴ እስኪገኝ ብዙ ዓመት ፈጀ። እንደኔ እንደኔ ከሙሉ ታሪኩ ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው፤ በመቶ ሚሊዮኖች ዩሮ የተሠራ ዕቃ በትንሽ አየር ዳነ።

ኤዮለስ በ320 ኪሎ ሜትር ከፍታ ምድርን ከዋልታ ወደ ዋልታ ሲዞር፣ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ እየተኮሰ ከመሬት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያለውን ነፋስ ያነብ ነበር። በአልትራቫዮሌት ስለሚሠራ ብናኝ በሌለበትም ከአየሩ ሞለኪውሎች ራሳቸው መልስ ያገኛል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል መረጃውን ከ2020 ጥር ጀምሮ ወደ ትንበያው አስገባ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ኮቪድ አውሮፕላኖችን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ከአውሮፕላኖች ይገኝ የነበረው የነፋስ መረጃ ሲቀንስ ሳተላይቱ ከጉድለቱ ከፊሉን ሞላ። ትንበያው በጉልህ ከተሻሻለባቸው ቦታዎች አንዱ የት ሆነ? በምድር ወገብ ዙሪያ። የባይስ ባሎት ሕግ በላላበት፣ ፊኛ በሌለበት፣ በእኛ ሰማይ።

ለሦስት ዓመት ታስቦ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ነዳጁን እየጨረሰ ሐምሌ 28 ቀን 2023 ወደ ምድር ተመልሶ ተቃጠለ። ተተኪው ለ2030ዎቹ ታቅዷል። በመሐል ያለውን ጊዜ ልብ በሉት። ሰማያችን ላይ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተ መስኮት ነበር፣ ተዘጋ፣ እኛ ሲከፈትም ሲዘጋም ብዙም አልሰማንም። ጋዜጠኛ ነኝና ከወቀሳው የራሴን ድርሻ እወስዳለሁ፤ በ2018 ነሐሴ እኔም ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።

ሌላው የነፋስ ጉዳይ ገንዘብ ነው። የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ አያድግም፤ በሦስት ተደጋጋሚ ብዜቱ ያድጋል። ፍጥነቱን በአሥር በመቶ ከተሳሳትክ ኃይሉን በሠላሳ ሦስት በመቶ ተሳስተሃል። በሰከንድ 6 ሜትርና 7 ሜትር በአውድማ ላይ ልዩነታቸው ብዙም አያስታውቅም፤ በተርባይን ላይ ግን የስድሳ በመቶ ያህል ልዩነት ነው። ከዚያ ላይ ከፍታችን አለ። በ2,500 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ በዚያው ልክ ነፋሱ ቢመታም ጉልበቱ ያንሳል። አበዳሪ ባንክ ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት «ነፋሱ ተለክቷል ወይ? ማን ለካው? በምን ከፍታ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የእኛን ማን ለካው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ወልደ ጊዮርጊስ የአገሪቱን የነፋስ ኃይል ጥናት በ1988 በውጭ የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል፤ መጀመሪያ ላይ ከነበሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጣሊያኖች በ1980ዎቹ ባደረጉት አጠቃላይ የኃይል ጥናት ውስጥም ነፋስ ተካቷል። አሸጎዳን፣ መሶቦ ሐሬናንና ናዝሬትን በምሰሶ ያስለካው ግን በ2000ዎቹ አጋማሽ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከመብራት ኃይል ጋር ሆኖ ነው። ከልኬቱ ቀጥሎ ግንባታው መጣ፦ አዳማ አንድ በ2012 ከ51 ሜጋ ዋት ጋር፣ አሸጎዳ በ2013 ከ120 ጋር፣ አዳማ ሁለት በ2015 ከ153 ጋር። ነፋሱ የተለካበት ቦታ ተርባይን ተተከለ፤ ያልተለካው ቦታ በካርታ ላይ ግምት ሆኖ ቀረ። ግምት የያዘ ሰው ደግሞ ከአበዳሪ ፊት ሲቀርብ አጎንብሶ ነው።

ዓባይ ላይ ግድብ ሠርተናልና ነፋስ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ የወቅት ጉዳይ ነው። ብዙው የደጋ ነፋሳችን የሚበረታው በበጋ ነው፣ ወንዝ በሚጎድልበት ጊዜ፤ በክረምት ይደክማል፣ ያኔ ወንዙ ይሞላል። ነፋስ በሠራበት ሰዓት ውሃው በግድቡ ይቆያል። አያቴ በኅዳርና በጥር መካከል አውድማ ላይ የሚጠብቁት ነፋስ ይኸው ነው።

ታዲያ ሊዳር ይዘን ቢቸናና ሞጣ ብንወጣ ነገሩ ያልቃል? አያልቅም። ሣጥኑ ከተለያየ አቅጣጫ የሰበሰበውን መልስ ሲገጣጥም ነፋሱ በዚያ ሁሉ ስፋት አንድ ዓይነት ነው ብሎ ያስባል። በሜዳ ላይ ይህ ልክ ነው። የዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ግን ልክ አይደለም፤ ከበረሃው ሽቅብ የሚመጣው ሞቃት አየር አፋፉ ላይ ይታጠፋል፣ በአንድ ወገን ይወጣል፣ በሌላ ወገን ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ያለው ጮቄም ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ቆሞ የራሱን ያደርጋል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ አገር ላይ ሊዳሩን የምታምነው ከአንድ ምሰሶ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ፣ ስሕተቱን አስልተህ ነው። ከዚያም ሌላ፣ ክረምቱ አየሩን አጥቦ ብናኙን ሲያወርደው መልስ ይሳሳል፤ ጭጋግ ሲወርድ ጨረሩ ሩቅ አይሄድም። እብቅ የሌለው አንፋሽ በሉት።

እኔ ባደግሁበት አካባቢ ከአውድማ ውጭ ነፋስ ሲለካ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ይህን ሥራ ለማስጀመር ሳተላይት አያስፈልግም። አንድ ሣጥን፣ አንድ ምሰሶ፣ የፀሐይ ኃይል፣ ጠባቂ፣ አንድ ሙሉ ዓመት፣ መረጃውን የሚያነብ ዩኒቨርሲቲ። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ። ሰላም ሲኖር፣ መንገዱ ሲከፈት፣ የሚቻል ነገር ነው። መረጃው እዚሁ ከተያዘ ቀጥሎ የሚመጣው ተዋዋይ ቢያንስ የሚከራከረው ቁጥር ከያዘ ሰው ጋር ይሆናል።

ገመድ የሌለውን ስልክ አይቶ «ነፋስ ስልክ» ያለ ሕዝብ ነን። ላይ ጋይንት ያለችውን ከተማ ነፋስ መውጫ ብለን የሰየምን ነን፤ ቦታውን ያለ መሣሪያ ያስተዋለ ሰው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የእነማይ፣ የደብረ ወርቅ፣ የሞጣ፣ የደጀን ልጆች፣ በቤታችሁ ያሉ አዛውንቶችን ጠይቁልኝ፦ በቀዬአችሁ ነፋሱ በየወሩ ከየት ይመጣል? በስንት ሰዓት ይነሣል? ስም አለው? አውድማ የሚሠራበት ቦታ እንዴት ይመረጥ ነበር? መልሳችሁን ከቦታው ስም ጋር በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ በካርታ ላይ አስቀምጬ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።